የሃዎ ቢርካና የእኔ ሃርድ ዲስክ

ባለፈው ሳምንት ላፕቶፔ አልነሳ ብሎኝ ኢክራም ዘንድ ወሰድኩት። ኢክራም ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት፤ ሱቋ ድሮ የፈረስ ጋሪዎች ይቆሙበት በነበረው ማዕዘን ላይ ነው፣ ዛሬ ባጃጅ የሚተራመስበት። ክዳኑን ፈትታ ስታነሳው አንድ ሽታ ወጣ። የጋለ አቧራና የጋለ ፕላስቲክ ሽታ፣ ትንሽ የተጠበሰ ፀጉር የመሰለ። የጂጂጋ ንፋስ አቧራውን ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ሲያስገባውና እዚያ ሲግል የሚወጣው ሽታ ነው፤ ሌላ አገር እንዲህ አይሸትም። «ወርቄ፣ ሃርድ ዲስኩ ደክሟል» አለችኝ። «አንቺ» ነው የምትለኝ፤ በእኛ ከተማ አማርኛ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፣ ለምጄዋለሁ። «አምስት መቶ ጊጋ የሚይዘውን ላድርግልሽ ወይስ ኤስኤስዲ የሚባለውን አዲሱን ዓይነት፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስቱን? ኤስኤስዲው ትንሽ ነው፣ ግን ይሮጣል።»

ትንሽ ነው፣ ግን ይሮጣል። ይሄን ቃል ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ዘመኑን በትክክል አልነግራችሁም፤ እኔ ዓመት የማስታውሰው በሻይ ዋጋ ነው። ሻይ በወተት ሃምሳ ሳንቲም በነበረበት ጊዜ ታይፕ እመታ ነበር፣ ሰባ አምስት ሳንቲም ሲሆን ኮምፒውተር ገዛሁ፣ ብር ከሃምሳ ሲገባ ይሄ የምነግራችሁ ነገር ደረሰ። ወደ ጂጂጋ የመጣሁት ከአሰበ ተፈሪ ነው፣ ባለቤቴ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የተረፈውን ስኳርና በርበሬ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ለቃቅሜ ተማርኩት፤ ታይፑንም ቢሆን ማንም አላስተማረኝም፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለግሁ፣ በሁለት ጣት። አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ያላት አንዲት ክፍል ተከራይቼ ማመልከቻ መጻፍ ጀመርኩ። ገጹ አንድ ብር ከሃምሳ። ጎረቤቴ ካሴት ቤት ነበር፤ ከጠዋት እስከ ማታ ክራር በመሰለው በዑድ የሚዘፈኑ የሶማልኛ ዘፈኖች ይከፍት ነበርና ስንት ሰው ከሥራ ተባረርኩ፣ መሬቴ ተወሰደ ብሎ ሲያለቅስ ከጀርባው አንዲት ሴት ስለ ፍቅር ትዘፍናለች። ባለጉዳዩ ወንድ ከሆነ ሽርጡን ሰብሰብ አድርጎ ይቀመጣል፣ ሴት ከሆነች ጋርባሳር ሻሿን ከአቧራው ተከናንባ ትቀመጣለች። ቢሮው የሚቀበለው አማርኛ ነበር፣ ሰዉ የሚናገረው ሶማልኛ። በሁለቱ መሃል እኔ ነበርኩ።

ኮምፒውተሯ ስትመጣ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ በፓስታ ካርቶኖች መሃል ተቀምጣ ነው። አሮጌ ነበረች። አዝራሩን ጫን አድርጌ ወጣሁና ሻይ አዝዤ፣ ሻዩን ጠጥቼ፣ ከባለሻዩ ጋር ስለ ዝናብ አውርቼ ስመለስ ገና እያሰበች ነበር። አልከፋኝም። ባለጉዳዩ በዚያ መሃል ሆዱን ይነግረኛል፣ እኔም ወሬ እወዳለሁ። ግን አንድ ባለ መነጽር ሰውዬ ከመንገዱ ማዶ በአዲስ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ከፈተ። የእሱ ኮምፒውተር ሰው እስኪቀመጥ ድረስ ተከፍታ ትጠብቃለች። ደንበኞቼ እኔ ጋ ትንሽ ቁጭ ይሉና «አባዮ፣ መጣሁ» ብለው መንገዱን ይሻገራሉ። አባዮ በሶማልኛ እህቴ ማለት ነው። አንዱማ በእኔ እስክሪብቶ እዚያ ሄዶ ፈረመ!

ምን ይሻለኛል ብዬ ስጠይቅ ሁሉም «ሃርድ ዲስክ ቀይሪ» አለኝ። የትኛውን? እዚህ ላይ ነው ግራ መጋባቴ የጀመረው፣ እስከ ዛሬም አልጨረስኩትም። አንዱ ትልቁን ግዢ፣ ሰማንያ ጊጋውን ይለኛል። አንዱ የለም፣ የሚታየው በደቂቃ ስንት ጊዜ ይሽከረከራል ነው፣ አምስት ሺህ አራት መቶ ግመል ነው፣ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ፈረስ ነው ይለኛል። ሦስተኛው ሁለቱም አይደሉም፣ ካሽ የሚባል አለ፣ እሱ ስምንት መሆን አለበት ብሎ ይምላል። የምን ስምንት ስለው «ስምንት ነዋ!» አለኝ። ከደብተሬ ጀርባ ሠንጠረዥ አሰመርኩ። በአንዱ በኩል ትልቅነት፣ በአንዱ በኩል ፍጥነት፣ በአንዱ በኩል ይሄ ስምንት። ትልቁ ዘገምተኛ ሆነ፣ ፈጣኑ ትንሽ ሆነ፣ ስምንቱ ከሁለቱም ጋር አልሄድ አለ። ቀን እንጀራ ስበላ ቁጥር አስባለሁ፣ ስተኛ ቁጥር አስባለሁ። ባለቤቴ «ምን ሆነሻል?» ሲለኝ «ሰባት ሺህ ሁለት መቶ» አልኩት። ዕዳ መስሎት ደነገጠ።

ሻጩ ጉሌድ ይባላል። ከዚያ በፊት የከብት ነጋዴ ነበር፤ ኋላ ነው ከድንበሩ በሐርተሼክ ከተማ በኩል የሚመጣውን ኤሌክትሮኒክስ መሸጥ የጀመረው፣ አመሉ ግን የከብት ገበያው እንደሆነ ቀረ። ሁለቱን ሃርድ ዲስኮች በሁለት እጄ አስያዘኝና «መዝኚ» አለኝ።

«ምኑን ነው የምመዝነው?»

«ክብደቱን! ከበድ ያለው ጤነኛ ነው። ቀላል ነገር በሽታ አለበት።»

መዘንኩ። እኩል ናቸው። ሠንጠረዤን አውጥቼ አሳየሁት። ገልብጦ፣ ዘቅዝቆ አየውና መለሰልኝ። «ወርቄ፣ ወረቀቱን ተይው። ይቺ አርባ ትንሽ ናት፣ ግን ትሮጣለች። ባዶ ስትሆን ደግሞ የበለጠ ትሮጣለች። ግመል ላይ ሁሉን ነገር ከጫንሽበት ይነሳል? አሮጌ ጭነትሽን አትጫኚባት።» ነገሩ ልክ መሰለኝ። አሮጌውን ባለ ሃያ ሃርድ ዲስኬን በለውጥ ተቀብሎኝ፣ የዚያን ዓመት ደብዳቤዎች ብቻ ወደ አዲሱ አዛወረልኝ። ያለፉት ዓመታት ማመልከቻዎችና ውሎች ሁሉ በአሮጌው ውስጥ ቀሩ። ጉዳያቸው ያለቀ፣ ማንም የማይጠይቃቸው ናቸው ብዬ።

ቤት ገብቼ ስከፍታት እውነትም ሮጠች። ደስታዬ ግን የቆየው ትልቅነቷን እስካይ ነው። ሠላሳ ሰባት ትላለች። ሠላሳ ሰባት! ነጠላዬን እንኳ ሳላስተካክል ጉሌድ ጋ ሮጥኩ። «አርባ ብለህ ሸጠህልኝ ሦስቱ የት ገባ? ሦስት ጊጋባይቴን መልስ!» ገበያው ሁሉ ዞሮ አየን።

«ወላሂ አልነካሁም!»

«እና ማን ወሰደው?»

ጉሌድ ፂሙን እየዳበሰ ትንሽ አሰበ። «ከብት እንኳ ከሐርተሼክ ጂጂጋ እስኪደርስ ይከሳል» አለኝ፣ ከልቡ። እኔም ምን ልበላችሁ፣ ነገሩ ገባኝና ተመለስኩ። ያ ለሁሉም ሰው እንዲያ እንደሚቀንስ፣ የፋብሪካው አቆጣጠርና የኮምፒውተሩ አቆጣጠር እንደሚለያይ የነገሩኝ ከዓመታት በኋላ ነው። እውነቱን ለመናገር የጉሌድ ይሻለኛል። የጉሌድን እረዳዋለሁ።

ደንበኞቼ ተመለሱ። ስድስት ወር ያህል ደስ ብሎኝ ሠራሁ። ከዚያ አንድ ረቡዕ ሃዎ መጣች።

ሃዎ የሐርተሼክ ሴት ነበረች፣ በዕድሜ ትበልጠኝ ነበር። ብርቱካናማ ድርዕ፣ ያንን የሶማሌ ሰፊ ቀሚስ፣ ትወዳለች፤ ከሩቅ ስትመጣ ፀሐይ የምትሄድ ይመስላል። አማርኛዋ የገበያ ነው፣ የእኔም ሶማልኛ የገበያ ነው፣ መሃል ላይ እንገናኛለን። በእነሱ አገር ወንዝ የለም፣ የጉድጓድ ውሃም የለም፤ ሰው የሚኖረው በቢርካ ነው። መሬት ተቆፍሮ፣ በሲሚንቶ ተለስኖ፣ የዝናብ ጎርፍ ይገባበትና ደረቁን ወራት ሰውም ከብትም ከዚያ ይጠጣል። የሃዎ ባል እንዲህ ያለ ቢርካ ሠርቶ ነው የሞተው። ሲሞት ሽማግሌዎች እሷንና የባሏን ወንድም አስማሙና ውሉን እኔ ጻፍኩት። ቢርካው የሃዎና የልጆቿ ነው፣ የባሏ ወንድም ግመሎቹን በደረቁ ወራት ሁለት ጊዜ ያጠጣል፣ ሁለቱም ካልተስማሙ በስተቀር ውሃው ለውጭ ሰው አይሸጥም። አራት ምስክሮች አሻራ አደረጉ። ያን ቀን ሃዎ ወረቀቷን አጣጥፋ ስትይዝ፣ እኔ ኮምፒውተሯን መታ መታ አድርጌ ምን አልኳት መሰላችሁ? «ወረቀቱ ቢጠፋ አታስቢ። ወረቀት ምስጥ ይበላዋል። እዚህ ውስጥ የገባን ግን ማንም አይበላውም።»

ረቡዕ ዕለት መጥታ ተቀመጠችና አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ከፈተች። ውስጡ እንደ ሽሮ የደቀቀ ነገር ነበር። «ምስጥ በላው» አለችኝ፣ ምንም ሳይመስላት። «አንቺ ብለሽ ነበር። አሁን የማይበላውን አውጪልኝ።» የባሏ ወንድም እኩሌታው የእኔ ነው ብሎ ቢርካውን ለአንድ ባለ ቦቴ ሊሸጥ ተስማምቷል። ከአራቱ ምስክሮች ሁለቱ ሞተዋል፣ የቀሩት ሁለቱ አንዱ እንዲህ ነው ሲል አንዱ እንዲያ ነው ይላል። ሽማግሌዎቹም «ጸሐፊዋ ዘንድ አለ ብለሽ ነበር፣ እስከ ቅዳሜ አምጪው» ብለዋታል። ካላመጣች ቦቴው እሁድ ይመጣል። ዝናቡ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል፣ ሃዎ ደግሞ አምስት ልጆች አሏት።

እንዴት ብዬ ልንገራት? ስለ አርባውና ስለ ሃያው፣ ስለ ግመልና ስለ ፈረስ፣ ሠንጠረዤን ሁሉ እያሳየሁ ዘበዘብኩ። ሃዎ ያዘዝኩላትን ሻይ ይዛ አዳመጠችኝ። በመጨረሻ «ቆይ» አለች። «ይሄ ትልቁ ቁጥር ቢርካው ስንት በርሜል እንደሚይዝ ነው?»

«አዎ… መሰለኝ።»

«ይሄ የሚሮጠው ባልዲውን የሚጎትተው እጅ ነው?»

«አዎ!»

«ይሄ ስምንት ደግሞ ቶሎ እንዲገኝ አፉ ላይ ተሞልቶ የሚቀመጠው ጀሪካን ነው።»

በሕይወቷ ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም። ወር ሙሉ ጂጂጋን አዳርሼ የጠየቅሁትን እሷ ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «እሺ አባዮ፣ ውሃውን ሳታወጪ ቢርካ ትለውጫለሽ?» አለች። አልተቆጣችም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጉሌድ ጋ ሄድን። አሮጌውን ከሸጠው ቆይቷል፤ ደግነቱ የከብት ነጋዴ የሸጠውን አይረሳም። «ቀብሪበያ ከተማ ነው። መሐመድ ዴሬ ጋ፣ ዘፈን ቤቱ።» ሐሙስ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። ከፊታችን ሁለት ፍየሎች፣ ከኋላችን የቴምር ካርቶን። ዛሬ አስፋልቱ ላይ ሲሄዱ እንቅልፍ ይወስዳል፣ ያኔ ግን ጥርስ ከጥርስ ይጋጫል። እኔ መንገዱን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ አሮጌ ሃርድ ዲስክ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ውስጡ ያለውን ማጥፋት ነው። እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው። ለሃዎ ግን አልነገርኳትም። እሷ ከባለ ፍየሉ ጋር ስለ ፍየሎቹ ዋጋ ትከራከራለች፣ ልትገዛ ሳይሆን እንዲያው መከራከሩ ስለሚጥማት።

መሐመድ ዴሬ ማለት ረጅሙ መሐመድ ማለት ነው፤ ጣራው ዝቅ ያለ ስለሆነ አንገቱን ሰብሮ ነው የሚሠራው። ግድግዳው ሙሉ ካሴትና ሲዲ ነው። ስሜን ነግሬው አሮጌው ሃርድ ዲስክ የእኔ ነበር ስለው እንደተያዘ ሌባ ደነገጠ።

«አልነካሁትም!» አለኝ። «ወላሂ፣ አንዷንም አልነካሁም!»

«ምኑን?»

«ማመልከቻውን! ስከፍተው ማመልከቻ የሚል ፎልደር አገኘሁ፣ በላቲን ፊደል። ከዚያም ውል፣ አቤቱታ ይላል። አማርኛ ነው፤ ስለዚህ የመንግሥት ነው። እኔ ዘፈን ነጋዴ ነኝ፣ ማመልከቻ ያጠፋ ሰው ምን እንደሚደረግ አላውቅም። አንድ ቀን መጥተው ይጠይቁኛል ብዬ ተውኩት። ይኸው መጣችሁ።»

ሃዎ መሳቅ ጀመረች። እኔ ካሴቶቹ ላይ ተደገፍኩ። ስንት ሰው በሶማልኛ ሲነግረኝ በአማርኛ የጻፍኩትን፣ አማርኛ የማያነብ ሰው ፈርቶ አቆየልኝ። «ያን ያህል ቦታ ስለያዘብህ ይቅርታ» አልኩት። እሱም ተደፍቶ ፎልደሩን ነካ ነካ አደረገና «የምን ቦታ?» አለኝ። «የሁሉም ዓመት ተደምሮ ከአንድ ካሴት ዘፈን አይበልጥም።»

እንግዲህ ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያዞርብኝ። ከአንድ ካሴት አይበልጥም! የእነዚያ ሁሉ ሰዎች መሬት፣ ደመወዝ፣ ልጅ፣ ፍቺ። ከብዶ አዲሷን እንዳያዘገይብኝ ብዬ የተውኩት ጭነት ክብደት አልነበረውም።

ደስታችን ግን ቶሎ ተቋረጠ። የሃዎን ውል አግኝቶ ሲከፍተው ስክሪኑ ላይ የወጣው ፊደል አይደለም። ቅንፍ፣ ነጥብ፣ የተሰባበረ የላቲን ፊደል፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ። ሃዎ ጎንበስ ብላ አየችና ሳቋ ጠፋ። «እዚህም ገብቷል?»

«ማን?»

«ምስጡ።»

አልገባም፣ የአማርኛው ፕሮግራም እዚህ ኮምፒውተር ላይ ስለሌለ ነው አልኳት። አልኩ እንጂ እርግጠኛ አልነበርኩም። በዚያ ዘመን የአማርኛ ፊደል ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲሄድ ቋንቋውን ይረሳ ነበር፤ አንዳንዱ ቤቱ ሲመለስ ያስታውሳል፣ አንዳንዱ እንደ ረሳ ይቀራል። መሐመድ ዴሬ ሁሉንም በሲዲ ገልብጦ ሰጠንና ሂሳብ አልቀበልም አለ፤ ብቻ «መንግሥት ከጠየቀ አስረክቧል በሉልኝ» አለን። ሃዎ ሲዲውን በጋርባሳሯ ጫፍ ይዛ ወደ ፀሐይ አዞረችው። በመሃሉ ባለው ቀዳዳ አየችኝ። «ቢርካዬ እዚህ ላይ ነው?» «አዎ።» «ደረቅ ነው» አለች፣ እንዳይጫር እንቁላል እንደምትይዝ ያዘችው።

ጂጂጋ ደርሰን ሲዲውን ኮምፒውተሬ ውስጥ ከተትኩት። ያቺ ፈረስ የተባለች ሃርድ ዲስክ ያን ቀን ግመል ሆነችብኝ፤ ወይም እኔ ነኝ የቸኮልኩት። ከዚያ ብልጭ አለና የእኔው ፊደል፣ በሁለት ጣት የመታሁት፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ተከፈተ። ሃዎ አማርኛ አታነብም፣ ፊቴን ነው ያነበበችው። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ «ስሜ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። አሳየኋት። ረጅም ጊዜ ጣቷን አላነሳችም።

ቅዳሜ ውሉን በወረቀት አትሜ አብሬያት ሐርተሼክ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ግራር ሥር ተቀምጠዋል፤ እያነበብኩ በገበያ ሶማልኛዬ አስረዳሁ። ከሁለቱ ምስክሮች አንደኛው ገና ሳልጨርስ «ይሄው ነው! እኔስ ምን አልኩ?» ይላል፤ ሌላ ነገር ሲል የነበረው እሱ ነው። የባሏ ወንድም ተነሳ። «አሻራችን የታለ? ማሽኑ የሃዎ ዘመድ ነው እንዴ?»

ጥርስ የሌላቸው አንድ አዛውንት መለሱለት። «ማሽን ጎሳ የለውም። ለየትኛው ዘመዱ ብሎ ይዋሻል?»

ሰዉ ሳቀ። ወንድምየው ወደ እኔ ዞረ። «ግመሎቼ ሁለቴ ይጠጣሉ የሚለውስ አለበት?»

«አለበት።»

«እሱን ድገሚው።»

ደገምኩለት። ተቀመጠ። ቦቴው እሁድ አልመጣም።

ይሄን ሁሉ ለኢክራም ነገርኳት፣ እሷም ላፕቶፔን እየፈታች ሰማችኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት ሃርድ ዲስክ ቀየርኩ፤ ታጥፎ የሚገባ ሰፊ ገመድ ያለው ሄዶ ቀጭኑ መጣ፣ ሰማንያው መቶ ስልሳ፣ እሱም አምስት መቶ ሆነ፣ አሁን ደግሞ የማይሽከረከር ነገር መጥቷል ይሉኛል። የማይሽከረከር ከሆነ በምን ይሮጣል ብላት አስረዳችኝ። ሁለቴ አስረዳችኝ። አልገባኝም፣ እሺ አልኳት። ሃዎ ዛሬ በሕይወት ብትኖር በአንድ ስኒ ሻይ ትጨርሰው ነበር። ቢርካዋ ግን አለ፤ ልጇ ነው የሚያጠጣበት።

«ትንሹን አድርጊልኝ» አልኳት። ኢክራም ፋይሎቼን ማዛወር ጀመረች። ትንሽ ቆይታ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። «ወርቄ፣ እዚህ ማመልከቻ የሚል ፎልደር አለ። በጣም አሮጌ ነው፣ ስከፍተውም ፊደሉ ሁሉ ተበላሽቷል። ላጥፋው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጉንዳኖቹ ተሰልፈዋል።

«አትንኪው» አልኳት። «ማመልከቻ ያጠፋ ሰው ምን እንደሚደረግ አላውቅም።»